ሬስለር ሲባረር ምን ማለት ነው? የደሴ ልጆች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ፒያሳ የአሜሪካውን የደብሊውደብሊውኢ (ድርጅቱ የምለው እሱን ነው) ሬስሊንግ ስናይ «የሚባረር ሬስለር ስለማይችል ነው» በሚል የተነሳው ክርክር ስላላለቀ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ከሰኞ ገበያ፦ ጋሼ፣ አንድ ሬስለር ተባረረ ሲባል አይችልም ማለት ነው?

በፍጹም! ድሩ ማኪንታየርን ተመልከት። በ2009 የድርጅቱ አለቃ ቪንስ ማክማን ራሱ ወጥቶ «የወደፊቱ ሻምፒዮን» ብሎ አስተዋወቀው። ከዚያ ታሪክ የሚጽፍለት ጠፋ፤ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የሚጻፍ ነውና። ከሂዝ ስሌተርና ከጂንደር ማሃል ጋር የሮክ ባንድ አስመሰሏቸው፤ ሥራቸው መሸነፍ ሆነ። በ2014 ድሩንና ጂንደርን በአንድ ቀን አሰናበቷቸው።

ሁለቱም ተመልሰው ትልቁን ቀበቶ ወሰዱ። ጂንደር በ2017፣ ድሩ በ2020 በድርጅቱ ትልቁ ዓመታዊ ዝግጅት በሬስልማኒያ 36 ላይ። ድሩ ብሮክ ሌስናርን ሲያሸንፍ ኮሮና ስለነበር አዳራሹ ባዶ ነው። የሚጮህለት የለም። እጁን ወደ ካሜራው ዘርግቶ እኛን አመሰገነ። ያን ጊዜ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። ይህ በተላለፈ በ10ኛው ቀን ድርጅቱ ብዙ ሰው ሲቀንስ፣ ስሌተርም ወጣ። ችሎታ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም መባረር ነበረባቸው?

ከኮምቦልቻ፦ ታዲያ ለምን ወዲያው ሌላ ቦታ አይገቡም?

ውሉ ይይዛቸዋል። የዋናው መድረክ ሬስለር ከተባረረ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 90 ቀን እየተከፈለው ሌላ ቦታ መጋጠም አይችልም። የመድረክ ስሙም የድርጅቱ ነው። ሩሴቭ በ2020 ተሰናብቶ ተፎካካሪው ድርጅት ኤኢደብሊው ሲገባ ሚሮ ተባለ። በ2025 ሲመለስ ነው ሩሴቭ የሆነው። በወረቀት ግን ቅጥር ሠራተኛ እንኳ አይደሉም፣ በግላቸው ኮንትራት የሚሠሩ ናቸው። ይሄ በጣም ያናድደኛል።

ከቧንቧ ውሃ፦ የቀድሞው ሬስለር ትሪፕል ኤች የታሪኩን ጽሑፍ መምራት ከያዘ ወዲህ ተሻሽሏል?

እህቴ፣ ለኔ አዎ። ቪንስ በሐምሌ 2022 ሲለቅ፣ ትሪፕል ኤች የተባረሩትን መጥራት ጀመረ። ብሬይ ዋያት በዚያው ዓመት ፋኖሱን ይዞ ተመለሰ። ነፍሱን ይማር፣ በ2023 በ36 ዓመቱ አረፈ። ማባረሩ ግን አልቀረም። ድርጅቱ በመስከረም 2023 ከእውነተኛው ፍልሚያ ድርጅት ከዩኤፍሲ ጋር ሲዋሃድ፣ ወደ 20 ዓመት ያገለገለውን ዶልፍ ዚግለርን በቀናት ውስጥ አሰናበቱት። እዚህ ላይ የሚወስነው ደራሲው ሳይሆን ሒሳቡ ነው።

ከሆጤ፦ አባዬ «የተጻፈ ነገር ምን ያንጫጫችኋል» ይለኛል። ምን ልበለው?

አብሽር። አሸናፊው ተጽፏል፤ ሕመሙ ግን የእውነት ነው። ኮዲ ሮድስ በ2016 የሰጡት ገጸ ባሕርይ አልዋጥ ሲለው አሰናብቱኝ ብሎ ወጣ። በ2022 በተመለሰ በሁለተኛው ወር የደረት ጡንቻው ተበጠሰ። እንዲያም ሆኖ ከሬስለሩ ሴዝ ሮሊንስ ጋር ተጋጠመ። ካፖርቱን ሲያወልቅ ደረቱ እስከ ክንዱ ድረስ በልዞ ጠቁሯል። አዳራሹ ደነገጠ። ያንን ግጥሚያ ከአባትህ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩት።