ሊኑክስ በአሮጌ ኮምፒውተር፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሊኑክስ ስንት ይሸጣል?

ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ነው፤ በነፃ ነው። ከኢንተርኔት አውርደው በፍላሽ ይጭኑታል።

ኮምፒውተሬን ባጠፋሁ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሊኑክስ ከጫንኩ በኋላም አልተወኝም፤ ድረ ገጾችም አልከፈት ይሉኛል።

ጥፋቱ የሊኑክስ አይደለም። ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ሆና ሰዓቱን የምታስኬደው ክብ ባትሪ አልቃለች፤ ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 ናት። የድረ ገጾች ሰርተፊኬት (የእውነተኛነታቸው መታወቂያ) የሚያገለግልበት ቀን አለው፤ ቀኑ የተዛባ ኮምፒውተር አይቀበለውም። መክፈቱ ከከበድዎ ለጠጋኝ ያሳዩ።

አስተማሪ ነኝ። የትምህርት ቤታችን ዕቃ ክፍል 1 ጊጋ ራም (የሥራ ማኅደረ ትውስታ) ያላቸው ፔንቲየም 4 ኮምፒውተሮች ተደርድረዋል። "ዕድሜያቸው አልቋል፣ ይወገዱ" ተብሏል። ይሠሩ ይሆን?

ይሠራሉ! እባክዎ እንዳይወገዱ ይከራከሩ። ብዙዎቹ የፔንቲየም 4 ፕሮሰሰሮች የድሮው ባለ 32 ቢት ዓይነት ናቸው፤ ለእነዚህ ደግሞ የሊኑክስ ምርጫው እየጠበበ ነው። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት የ32 ቢት ዴስክቶፑን እ.ኤ.አ. በ2017 አቆመ። ሌላው ዓይነት ዴቢያን 13ም የ32 ቢት መጫኛ የለውም። በዴቢያን 12 ላይ የተሠራው አንቲኤክስ 23 ግን አለው። እሱን ይጫኑ፤ ዴስክቶፑ ብዙ ራም አይበላም።

አሮጌ ኮምፒውተርን የሚያንቀራፍፈው ድረ ገጽ መክፈቻው ብሮውዘር ነው። የዛሬ ድረ ገጽ ሁለት ሦስቱ ሲከፈት 1 ጊጋ ራሙ ያልቃል። ማሽኑ ትርፉን ሃርድ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይጀምርና ስታክ ያደርጋል። ፋየርፎክስ የተባለው ብሮውዘርም ከ145ኛው እትም ጀምሮ ለ32 ቢት ሊኑክስ አይወጣም። ስለዚህ ኢንተርኔቱን ይተዉት። ለጽሑፍና ለሒሳብ ሰንጠረዥ ሊብሬኦፊስ አለ። ኪዊክስ ደግሞ የአማርኛውን ዊኪፒዲያ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል።

ይህን አጥብቄ የምለው ለልጆቹ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተናን በኮምፒውተር የሚወስዱ ተማሪዎች አሉ። ኪቦርድ ነክቶ የማያውቅ ልጅ እዚያ ሲቀመጥ፣ መልሱን እያወቀ ከማውስ ጋር ሲታገል ጊዜው ያልቅበታል። ለመልመጃ እነዚያ ኮምፒውተሮች ከበቂ በላይ ናቸው።

ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል። የሠርጋችን ፎቶ አለበት። ሊኑክስ ልጫንበት?

በጭራሽ! አሁኑኑ ያጥፉት። ደጋግሞ ማስነሣት የቀረውን ይጨርሰዋል። "ፎርማት ላድርግልህ" የሚል ጎረቤትም አያስነኩ። ዳታ መመለስ ሥራው ወደሆነ ባለሙያ ይውሰዱት፤ ይህን ችላ እንዳይሉ አደራ። ሊኑክሱ በሌላ ዲስክ ይደርሳል።

በሊኑክስ አማርኛ መጻፍ ይቻላል?

እንዴታ! አይባስ የተባለውን የመተየቢያ ፕሮግራምና የአማርኛ አጻጻፍ ያለበትን የኤም 17 ኤን ጥቅሉን ይጫኑ፣ ከዝርዝሩ አማርኛን ይምረጡ። ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከታየዎ የጎደለው ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ነው፤ አቢሲኒካ የተባለው ፎንት ይበቃዎታል።