መልስ፦ ተንሳፋፊ በረዶ ባሕሩን ከፍ ካላደረገ ጭንቀቱ ምንድን ነው?

ተንሳፋፊ በረዶ ሲቀልጥ የባሕሩ ከፍታ ካልጨመረ፣ አንታርክቲካ ላይ ሲናድ ለምን ይህን ያህል ይወራል ብለህ ጠይቀሃል። ልክ ነህ፣ ተንሳፋፊው በረዶ ባሕሩ ውስጥ ቦታውን አስቀድሞ ይዟል። ችግሩ ያለው ከኋላው፣ መሬት ላይ በተቀመጠው በረዶ ነው።

ይህ በረዶ ዝም ብሎ የተቀመጠ እንዳይመስልህ። በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ወደ ባሕር ይፈሳል። ተንሳፋፊው ደግሞ እንደ በር መቀርቀሪያ ይይዘዋል።

እ.ኤ.አ. በ2002 ላርሰን ቢ በተባለው የአንታርክቲካ ተንሳፋፊ በረዶ ላይ የሆነውን እይ። በበጋው ሙቀት ገጹ ላይ የቀለጠው ውሃ ኩሬ ሠራ። ውሃው ስንጥቆቹ ውስጥ ገብቶ ወደ ታች ሰነጠቃቸው። 3,250 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ በረዶ በአንድ ወር አካባቢ ብትንትኑ ወጣ። ወዲያው ከኋላው መሬት ላይ የነበሩት የበረዶ ግግሮች ፍጥነታቸው በብዙ እጥፍ ጨመረ። እነሱ ናቸው እንግዲህ ባሕሩን ከፍ የሚያደርጉት።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ በምዕራብ አንታርክቲካ ያለው የትዌይትስ የበረዶ ግግር ነው። ሞቅ ያለ የባሕር ውሃ ከሥሩ እየገባ ይበላዋል። የተቀመጠበት መሬት ወደ አህጉሩ ውስጥ እየጠለቀ ስለሚሄድ፣ ባፈገፈገ ቁጥር ለውሃው የሚጋለጠው ክፍል ይወፍራል።

ግሪንላንድ ላይ ደግሞ ከላይ የሚቀልጠው ራሱ ብዙ ነው። እሷ ሙሉ በሙሉ ብትቀልጥ ባሕሩ 7 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ያ ግን የሺህ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ጉዳይ ነው።