ነጋቲቭ ወጣልኝ፤ ታዲያ ለምን አይሰርዙልኝም?

ጥያቄ፦ ልጅ ሳለሁ ደሴ ውስጥ ለቶንሲል አሞክሲሲሊን የተባለ፣ ከፔኒሲሊን ዘር የሆነ ሽሮፕ ተሰጥቶኝ በሦስተኛው ቀን ገላዬን ሽፍታ ወረሰው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሐኪም ባየች ቁጥር «ፔኒሲሊን አይስማማትም» ትላለች። አሁን የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሐኪሜ የደም ምርመራ አዝዛልኝ ነጋቲቭ ወጣ። ግን «ይህ ብቻውን አይበቃም» ብላ አለርጂውን ከመዝገቤ አልሰረዘችውም። የማይታመን ከሆነ ደሜን ለምን ቀዱት? (ሰ.)

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ዕድሜዬን ላቦራቶሪ ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ የደም ምርመራ ሲነሳ ለወገኔ ማዳላቴ አይቀርም። በዚህ ግን ከሐኪምዎ ጋር ነኝ።

ያ ምርመራ የሚፈልገው አይጂኢ የሚባለውን፣ አለርጂ የሚቀሰቅሰውን አንቲቦዲ ነው። ፔኒሲሊን ደግሞ በጣም ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ ሰውነት ልብ የሚለው እንደ አልቡሚን ያለ ፕሮቲን ላይ ሲለጠፍ ነው። ላቦራቶሪው ይህን ጥምረት ሠርቶ አንቲቦዲውን ለመያዝ እንደ ማጥመጃ ያቀርባል። የአንዱ ሰው አንቲቦዲ ግን የመድኃኒቱን እምብርት ይይዛል፣ የሌላው አሞክሲሲሊንን ከዘመዶቹ የሚለየውን ጫፍ፤ ለሁሉም የሚሆን ማጥመጃ አልተገኘም። በዚያ ላይ ደም ውስጥ ያለው አይጂኢ በሁለት ቀን ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆየው ቆዳ ውስጥ ባሉት፣ አለርጂውን በሚያስነሱት ማስት ሴሎች ላይ ተጣብቆ ነው፤ መርፌው ደግሞ እነሱን አይቀዳም። ስለዚህ አለርጂው እያለ ነጋቲቭ ሊወጣ ይችላል። አንዳንዴም ምንም የሌለበት ሰው ፖዘቲቭ ይባላል።

የእርስዎ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። በሦስተኛ ቀን የወጣ ሽፍታ አብዛኛውን ጊዜ የአይጂኢ ሥራ አይደለም፤ ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ሽፍታውን የሚያወጣው ራሱ የያዛቸው ቫይረስ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ምርመራ ባይታዘዝልዎትም የሚጎድልዎት አልነበረም።

የተሻለ አይመጣም ወይ? እኔን የሚያጓጓኝ ባዞፊል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች በሕይወት እያሉ ከመድኃኒቱ ጋር የሚያገናኘው ምርመራ ነው። ሴሎቹ ከተቆጡ ሲዲ63 የሚባል ምልክት ከውስጥ ወደ ላያቸው ይወጣል፤ ፍሎው ሳይቶሜትር የሚባል ማሽን አንድ በአንድ ይቆጥራቸዋል። አንቲቦዲው መኖሩን ብቻ ሳይሆን ሥራ መሥራቱንም ያሳያል። ግን ደሙ ትኩስ መሆን አለበት፤ ከ24 ሰዓት ባያልፍ ይመረጣል። የአንዳንዱ ሰው ባዞፊል ደግሞ ምንም ቢያደርጉት አይነቃነቅም። አሁንም ብዙ አለርጂ ያመልጠዋል።

እንግዲህ ከማንኛውም ማሽን በፊት ለእናትዎ ይደውሉ። ከንፈር ወይም ፊት አብጦ ነበር? ትንፋሽ አጥሮ? ቆዳ ውሃ ቋጥሮ ወይም ተልጦ? አፍ ውስጥ ቆስሎ? የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከነበሩ መድኃኒቱን መሞከር አይታሰብም። ሽፍታ ብቻ ከነበረ ግን ቁርጡን የሚለየው የአለርጂ ሐኪም ዘንድ አሞክሲሲሊን ውጦ መታየት ነው። በ2023 በወጣ ጥናት፣ ሥጋታቸው ዝቅተኛ ከሆኑና ቆዳቸው ሳይፈተሽ በቀጥታ ከዋጡ ወደ 190 የሚጠጉ አዋቂዎች መካከል አለርጂ የታየው በአንድ ሰው ብቻ ነው። ነፍሰ ጡር ስለሆኑ እንዴት እንደሚጀመር ሐኪሙ ይወስናል፤ በእርግዝና ጊዜ የፔኒሲሊን አለርጂን መመርመር የአሜሪካ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅም የሚደግፈው ነው። ቤት ውስጥ ብቻዎን ግን እንዳይሞክሩት!

ከ36ኛው ሳምንት በፊት ቢጨርሱት ጥሩ ነው። በ36ኛውና በ37ኛው ሳምንት ግሩፕ ቢ ስትሬፕ የሚባለው ባክቴሪያ ይመረመራል፤ ከተገኘብዎ ሕፃኑን ለመጠበቅ በምጥ ጊዜ የሚመረጠው መድኃኒት ፔኒሲሊን ነው። አለርጂው ከተሰረዘልዎት ደግሞ ፋርማሲው የራሱ መዝገብ አለውና እዚያም ማሰረዝዎን አይርሱ።