ስቴሪዮዎን ከመቀየርዎ በፊት ክፍሉን ይመልከቱ

ጠያቂያችን በቅርቡ በአንድ ትልቅ አዳራሽ የተዘጋጀ ኮንሰርት ተመልክተው፣ በማግስቱ የዚያኑ ድምፃዊ ዘፈኖች በቤታቸው ስቴሪዮ ቢከፍቱ ሙዚቃው ቀጥኖና ነፍስ አጥቶ እንዳገኙት ጽፈዋል። በአዳራሹ ቤዙና የድራሙ ምት ደረታቸውን ሲመታ እንዳመሸ፣ ቤት ውስጥ ግን ያው ዘፈን ከስፒከሮቹ ወጥቶ ክፍሉን መሙላት እንዳቃተው ካስረዱ በኋላ፣ ስፒከሩን ይቀይሩ ወይስ አምፕሊፋየሩን፣ ደግሞስ ከሁለቱ እውነተኛው ድምፅ የትኛው እንደሆነ ጠይቀዋል። በአዲስ አበባ የምሽት ክበቦችና አዳራሾች ከሚክሰር ኋላ ለዓመታት የቆምኩ፣ በኋላም በጀርመን አገር በዚሁ ሥራ የቆየሁ፣ ከሥራ መልስ ደግሞ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሙዚቃ ማዳመጥ የማይሰለቸኝ ሰው በመሆኔ ጥያቄው በደንብ ይገባኛል። መልሴ ለጊዜው ሁለቱንም አይቀይሩ የሚል ነው፤ ምክንያቱን ግን ዘርዘር አድርጌ ማስረዳት ይኖርብኛል።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው፣ በዚያ ምሽት የሰሙትም ቢሆን የስፒከር ድምፅ መሆኑ ነው። ወደ ጆሮዎ የደረሰው በቀጥታ ከድምፃዊው ጉሮሮ የወጣው ሳይሆን፣ በማይክ ተይዞ፣ በሚክሰር ተስተካክሎ፣ ኢኮ ተጨምሮበት፣ በመድረኩ ግራና ቀኝ ከተሰቀሉት ስፒከሮች የወጣው ነው። ድራሙ እንኳ በየክፍሉ ማይክ ተደግኖበት፣ በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ ሆን ተብሎ ከተፈጥሮው በላይ እንዲጎላ ተደርጎ ይቀርባል። ስለዚህ እርስዎ ያነጻጸሩት ሕያው ሙዚቃን ከስቴሪዮ ጋር ሳይሆን፣ ትልቅ ስፒከርን ከትንሽ ስፒከር፣ ትልቅ ክፍልን ከትንሽ ክፍል፣ ከፍተኛ ድምፅን ከዝቅተኛ ድምፅ ጋር ነው። ማጉያ ያልገባበትን ድምፅ መለኪያው ማድረግ የሚፈልግ ሰው፣ ማይክ በሌለበት አዝማሪ ቤት ከማሲንቆው አጠገብ መቀመጥ አለበት። እዚያ የፈረስ ጭራው በጭራ ላይ ሲታሽ የሚያወጣው ሻካራነት፣ ደጋኑ አቅጣጫ በሚቀይርበት ቅጽበት የምትሰማው እረፍት፣ አዝማሪው ፊቱን ወደ ሌላ እንግዳ ሲያዞር ድምፁ ወዲያው የሚደበዝዝበት ሁኔታ ሁሉ ይሰማል። የሚያስገርመው ነገር፣ በጥንቃቄ የተቀረጸ ማሲንቆ በመጠነኛ ስቴሪዮ ሲከፈት ለዚህ ድምፅ በጣም መቅረቡ ነው፤ ማሲንቆ ከባድ ቤዝ ስለሌለው ትንሽ ስፒከር አይከብደውም፣ ሳሎን ውስጥም የሚጫወተው በተፈጥሮው መጠን ነው። ሙሉ ባንድ ግን ወደ ሳሎን ሲገባ መጠኑን ጥሎ ነው የሚገባው።

ልዩነቱን ከሚፈጥሩት ነገሮች ትልቁም ይኸው የድምፅ መጠን ነው። በኮንሰርት ላይ ድምፁ 100 ዴሲቤል አካባቢ መድረሱ የተለመደ ሲሆን፣ ከጎረቤቱ ጋር በሰላም መኖር የሚፈልግ ሰው ግን ሳሎኑ ውስጥ በ70 ዴሲቤል አካባቢ ነው የሚያዳምጠው። የሰው ጆሮ ደግሞ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ በእኩል አይሰማም። ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ባለ ቁጥር ጆሯችን ከሁሉ በላይ የሚያጣው ቤዙን ነው። ያው ቀረጻ በያው ስፒከር በኃይል ሲከፈት ሙሉ ሆኖ ይሰማና፣ ለስለስ ተደርጎ ሲከፈት ቤዙ የተቀነሰበት ይመስላል፤ ከቀረጻው ግን አንዳች የጎደለ ነገር የለም። በድሮዎቹ አምፕሊፋየሮች ላይ «ላውድነስ» የሚል ቁልፍ የተሠራው ለዚሁ ነበር፤ ማታ ዝቅ አድርጎ ለሚያዳምጥ ሰው እጅግ ጠቃሚ ቁልፍ ነው፤ ድምፁ ከፍ ሲል ግን መዘጋት አለበት፣ አለበለዚያ ቤዙ ሁሉን ይሸፍናል።

አምፕሊፋየር መቀየር ይህን ችግር የማይፈታው ለምን እንደሆነም ከዚሁ ይገኛል። ባለ 50 ዋቱን ሸጠው ባለ 100 ዋት ቢገዙ የሚያገኙት ጭማሪ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ልብ ብለው ካልሰሙት የማያስታውቅ ልዩነት ነው። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማዎ 10 ዴሲቤል ያህል መጨመር፣ ለዚያም የዋቱን መጠን አሥር እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። የኮንሰርቱን መጠን ወደ ሳሎን ማምጣትም ጤናማ ምኞት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ በሙዚቃ ማቅረቢያ ቦታዎች የድምፁ አማካይ በ15 ደቂቃ ልክ ተሰልቶ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ አሳስቧል። በሙያችን ከመድረክ ሞኒተር (ለሙዚቀኞቹ የራሳቸውን ድምፅ ከሚያሰማው ስፒከር) ፊት ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ ዛሬ ሰው ሲያናግራቸው ደጋግመው «እ?» የሚሉ ሰዎችን ስለማውቅ፣ ይህን ቁጥር እንደ ቀላል ነገር አላየውም፤ ኮንሰርት የሚያዘወትር ሰው የጆሮ መድፈኛ ኪሱ ውስጥ ቢይዝ ደስ ይለኛል።

ወደ ክፍሉ ልመለስ፤ ከስፒከሩም ከአምፕሊፋየሩም ይልቅ የድምፁን መልክ የሚወስነው እርሱ ነውና። ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ኖታ 41 ኸርዝ ገደማ (በሰከንድ 41 ንዝረት) ሲሆን፣ የዚህ ድምፅ አንድ ሞገድ በአየር ላይ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል። በትልቅ አዳራሽ ይህ ሞገድ እንደ ልቡ ይዘረጋል። ርዝመቱ 4 ሜትር በሆነ ሳሎን ውስጥ ግን በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየተንጸባረቀ በ43 ኸርዝ አካባቢ ራሱን በራሱ ያጎላል፤ በግድግዳዎቹ አጠገብ ይጠራቀማል፣ በክፍሉ እኩሌታ ላይ ደግሞ ይጠፋል። ይህን ለማረጋገጥ መሣሪያ አያስፈልግም። የቤዝ ጊታሩ ጎልቶ የሚሰማበትን አንድ ዘፈን ከፍተው፣ ጆሮዎን ወደ ቤዙ ጥለው፣ ከክፍሉ መሃል ተነሥተው ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ግድግዳ ይራመዱ። መሃል ላይ ያልነበረው ቤዝ ጀርባዎ ግድግዳ ሊነካ ሲል እያጉረመረመ ሲመጣ ይሰሙታል። ሶፋዎ በክፍሉ እኩሌታ ላይ ከሆነ፣ ሙዚቃው ቀጠነብኝ ያሉት በአብዛኛው ከዚሁ የተነሣ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ በዚያ ቦታ ላይ የትኛውም ውድ ስፒከር አያድንዎትም።

የቤቱ አሠራርም ድርሻ አለው። በብሎኬት ተገንብቶ፣ በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ወለሉ ሴራሚክ የሆነ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ድምፅን ውጦ የሚያስቀር ነገር የለውም፤ መሃሉ ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ቢያጨበጭቡ ጭብጨባውን ተከትሎ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማሉ፤ ያ ርግብግቢት በድምፃዊው ቃላትና በጸናጽሉ ላይ ሁሉ ይለጠፋል። የአቡጀዲ ኮርኒስ በነበረው የድሮው የጭቃ ቤት ግን ቤዙ በኮርኒሱ አልፎ ስለሚሄድ አይታመቅም ነበር፤ በእንዲህ ዓይነት ቤት በተራ ቴፕ የሰማሁትን ያህል የጠራ ድምፅ በብዙ ዘመናዊ ሳሎኖች አላገኘሁም። ወፍራም ምንጣፍ፣ እስከ ወለል የሚወርድ መጋረጃና መጽሐፍ የሞላበት መደርደሪያ ለአንድ ሳሎን የሚያደርጉለት ነገር ከአዲስ አምፕሊፋየር ይበልጣል።

የአዳራሹም ድምፅ ቢሆን እንከን የለሽ አይደለም። ኮንሰርት የምናካሂድባቸው ብዙዎቹ ቦታዎች ለኤግዚቢሽን፣ ለስብሰባ ወይም ለስፖርት የተሠሩ ናቸው፤ ጣሪያቸው ቆርቆሮ፣ ግድግዳቸው ኮንክሪት ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከኋላው ግድግዳ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ቃል አዲሱ ቃል ከተነገረ በኋላ ይደርሳል። ግጥሙን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው ምን እንደተባለ አይለይም። ይህ ለእኛ ሙዚቃ ትልቅ ጉዳት ነው፤ ሰምና ወርቅ ያለው ስንኝ አንዲት ፊደል ስትደበዝዝ ወርቁ ይጠፋል። አድማጩ በደስታ ስለሚዘልል በዚያ ምሽት አያስተውለውም እንጂ፣ የግጥሙን ውስጠት የሚያገኘው በኋላ ቤቱ ሲያዳምጥ ነው። ከተቻለ ከሚክሰሩ አጠገብ መቆም የተሻለ ነው፤ ሳውንድማኑ ድምፁን የሚያስተካክለው ከዚያ ቦታ ሆኖ በሚሰማው ልክ ስለሆነ፣ ከመላው አዳራሽ ሚዛኑን የጠበቀ ድምፅ የሚገኘው እዚያ ነው።

በቤት የምናዳምጠው ነገርም የኮንሰርቱ ፎቶ ኮፒ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሐ ሪከርድስ ሸክላ ሲታተም፣ ሙዚቀኞቹ አንድ ክፍል ውስጥ አብረው እየተጫወቱ ይቀረጹ ስለነበር፣ ሳክስፎኑ ለድምፃዊው ቦታ ሲለቅለት እንኳ ይሰማል። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊው የምሽቱን ሙዚቃ ሲያቀዘቅዘው፣ የሕዝቡ ጆሮ የሠለጠነው ቤት ውስጥ በካሴት ነው። የካሴት ጥቅል ወርዱ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ በሰከንድም ከ5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው የሚሄደው፤ ከቅጂ ላይ እየተቀዳ ሲባዛ ደግሞ ሹክሹክታው እየጨመረ ቀጫጭኑ ድምፅ እየሞተ ይሄዳል። ዛሬ የካሴቱ ችግር ቀርቶ ሌላ መጥቷል፤ ብዙ አዳዲስ ሥራዎች በስልክ ላይ ጎልተው እንዲሰሙ ሲባል ድምፃቸው ከላይ ተጨፍልቆ ስለሚወጣ፣ በኮንሰርቱ ደረትዎን የመታው የድራም ምት በቀረጻው ላይ ከሌላው ድምፅ ጋር እኩል ተደፍጥጦ ይገኛል። የጎደለውን ምት ከስፒከርዎ አይጠብቁ፤ እዚያ የለም።

ማጉያ በሌለበትም ቢሆን ቀረጻና አዳራሽ የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 በተከፈተው የበርሊን ፊልሃርሞኒ አዳራሽ መድረኩ በአድማጮች የተከበበ ስለሆነ፣ ከኦርኬስትራው ኋላ የተቀመጠ ሰው ከበሮውንና የነሐስ መሣሪያዎቹን ከቫዮሊኖቹ አስበልጦ ይሰማል፤ የብቸኛ ዘፋኝ ድምፅ ደግሞ ከጀርባ ስለሚደርሰው ይደክምበታል። ቀራጮቹ ግን ማይካቸውን ከኦርኬስትራው በላይ፣ ማንም አድማጭ በማይቀመጥበት ከፍታ ላይ ስለሚሰቅሉ፣ ቀረጻው ሁሉንም አመጣጥኖ ያቀርባል። በአንጻሩ በልደት በዓል በላሊበላ ቤተ ማርያም፣ ካህናቱ ከፊሎቹ ከላይ በዓለቱ አፋፍ፣ ከፊሎቹ ከታች በግቢው ሆነው «ቤዛ ኩሉ»ን ሲቀባበሉ የሚሰማውን ድምፅ ሁለት ስፒከር ከቶ አይመልሰውም፤ ስቴሪዮ ግራና ቀኝን እንጂ ላይና ታችን አያውቅም። በገናን በተመለከተ ግን ያለ ማመንታት ቤቱን እመርጣለሁ። በአሥሩ አውታሮችና እነርሱን ደግፎ በያዘው በርኩማ መካከል የምትገባው እንዝራ የተባለች ቁራጭ ቆዳ የምታወጣው ንዝረት ለስላሳና ቅርብ ድምፅ ነው፤ በትልቅ አዳራሽ በማይክ ሲጎላ ከደርዳሪው ቃል ጋር ይዘበራረቃል። በዐቢይ ጾም ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ዝቅ ተደርጎ የተከፈተ በገና ግን መሣሪያው በተፈጠረለት ቦታና መጠን ነው የሚሰማው። እውነተኛው ድምፅ የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄዎ ያለኝ መልስም ይህ ነው፤ እንደ ሙዚቃው ይለያያል፣ ሙዚቃው ለየትኛው ቦታ እንደተሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ምን ያድርጉ? በቅድሚያ የስፒከሮቹን ሽቦዎች ይፈትሹ። በአንደኛው ስፒከር ቀይና ጥቁሩ ተገላብጦ ከታሰረ፣ አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ስለሚስብ ቤዙ ይጠፋል፣ የድምፃዊውም ድምፅ ከመሃል ጠፍቶ ይበተናል፤ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ቀጥሎ ስፒከሮቹ ቡፌ ውስጥ ወይም ቡፌ ላይ ከሆኑ ያውጧቸው፤ ከሳጥኑ ጋር አብረው ያጓራሉ፣ ብርጭቆውም አብሮ ይንጫጫል። በጠንካራ መቆሚያ ላይ፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለችው ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከር በሚቀመጡበት የጆሮዎ ከፍታ ልክ እንድትሆን አድርገው፣ ከኋላ ግድግዳ ግማሽ ሜትር ያህል አርቀው ያቁሟቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዳቸው እስከ መቀመጫዎ ያለው ርቀት እኩል ይሁን፤ 2 ሜትር ለአብዛኛው ሳሎን ይበቃል። ሶፋውን ከክፍሉ እኩሌታ ወደ ኋላ ይሳቡት፣ ግድግዳ ላይ ግን አያስጠጉት። ዘፈኑንም በብሉቱዝ ከስልክ ከመላክ ይልቅ ካለዎት ከሲዲ ይክፈቱት።

ይህን ሁሉ አድርገው ለጥቂት ሳምንታት ካዳመጡ በኋላ ቤዙ አሁንም ካነሰዎ፣ ያኔ ሰብዉፈር (ለቤዝ ብቻ የተሠራ ስፒከር) መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ትንሽ ስፒከር 41 ኸርዝን በአግባቡ ማውጣት ስለማይችል ይህ ትክክለኛ ወጪ ነው። ከመግዛትዎ በፊት የሳሎንዎን ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ፣ የወለሉንና የጣሪያውን ዓይነት፣ የስፒከሮችዎንም ሞዴል እዚሁ ቢጽፉልኝ፣ የትኛው ማዕዘን ላይ ቢቀመጥ እንደሚሻል አስልቼ እመልስልዎታለሁ።