ዊንዶውስ 11ን በሰኔ ወር አይጫኑ

ጥያቄ፦ በአዳማ ለአነስተኛ ነጋዴዎች ሂሳብ እሠራለሁ። 8ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ዴስክቶፕና 7ኛ ትውልድ ላፕቶፕ አሉኝ። ሁለቱም በዊንዶውስ 10 ይሠራሉ፤ ሂሳቡን የምይዘው ፒችትሪ በተባለው የቆየ የሂሳብ ፕሮግራም ነው። የድጋፉ ጊዜ እንዳበቃ የሚገልጽ መልእክት ይመጣብኛል፤ ዴስክቶፑ ግን ሲፈተሽ ለዊንዶውስ 11 መስፈርቱን አያሟላም ይላል። አሁን ግንቦት ነው፤ ልቀይር ወይስ ልቆይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ ዴስክቶፑን ወደ ዊንዶውስ 11 ይቀይሩት፤ ነገር ግን የዓመቱን ሂሳብ ከዘጉ በኋላ ይሁን። ላፕቶፑን ግን በግድ እንዲቀየር አያድርጉት።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ኮምፒውተሩ መሥራቱን አላቆመም፤ የተቋረጠው አዲስ የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ የሚላከው መድፈኛ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ ዓለምን ሲያዳርስ፣ መድፈኛው ከሁለት ወር አስቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ በብዛት የተጎዱትም ሳይጭኑት የቆዩት ናቸው። የሰው ደመወዝና ደረሰኝ የያዘ ኮምፒውተር ያለ መድፈኛ ከኢንተርኔት ጋር ተያይዞ መቆየት የለበትም።

ይሁን እንጂ ጊዜ የሚሰጥ መንገድ አለ። ኢኤስዩ የሚባለው የተራዘመ የደህንነት ድጋፍ በግል ለሚጠቀሙበት ኮምፒውተር እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ይዘልቃል። ኮምፒውተሩ 22ኤች2 የተባለው የዊንዶውስ 10 እትም ካለው፣ በሴቲንግ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት የሚለው ገጽ ላይ መመዝገቢያውን ያገኙታል፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብተው የሴቲንግ ባክአፕን ካበሩ ክፍያ አይጠይቅም። ሁለቱንም ዛሬውኑ ያስመዝግቡ።

ምዝገባው ከተሳካ አያጣድፍዎትም። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ደንበኛ ሁሉ በርዎ ላይ የሚቆምባቸው ወራት ናቸው። ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ የአንድ ደንበኛዬን ዊንዶውስ በሐምሌ ቀይሬ፣ የሂሳብ ፕሮግራሙ አልከፈት ብሎን ሁለት ሌሊት አብረን አድረናል፤ የእኚያን ሰው ጭንቀት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ስለዚህ ጳጉሜንን ወይም የመስከረምን መጀመሪያ ይምረጡ፤ የተራዘመው ድጋፍ ከማለቁ በፊት ከአንድ ወር በላይ ይተርፍዎታል።

ዴስክቶፑ መስፈርቱን አያሟላም ማለቱ አያስደንግጥዎት። 8ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ማይክሮሶፍት ከሚቀበላቸው ፕሮሰሰሮች ውስጥ ነው፤ በእንዲህ ዓይነት ማሽን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ምክንያት ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደህንነት ክፍል እያለ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚሠራው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ማስተካከያ) ተዘግቶ መቀመጡ ነው። ኮምፒውተሩን ሲያበሩ፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ 10ን፣ ዴል ከሆነ ኤፍ 2ን እየነካኩ ባዮስ ይግቡ፤ ሴኪዩሪቲ በሚለው ሥር ቲፒኤም ወይም ፒቲቲ የሚል መስመር ይፈልጉና ይክፈቱት። ቀጥሎ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ፕሮግራም ከፍተው ባዮስ ሞድ ከሚለው ጎን ያለውን ያንብቡ። ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ ዘዴ) ካለ መልካም ነው። ሌጋሲ (የድሮው ዘዴ) ካለ ግን የዲስኩ አከፋፈል ኤምቢአር ከሚባለው የድሮ ዓይነት ጂፒቲ ወደሚባለው አዲስ ዓይነት መቀየር አለበት፤ ዊንዶውስ 10 ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ቢኖረውም፣ ይህን እርምጃ ባለሙያ አጠገብዎ ሳይኖር አይሞክሩት፤ ባዮሱን ብቻ ቀይረው ቢያስነሱት ዊንዶውሱ አይነሳም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ቅጂ። ብዙ የሂሳብ ባለሙያዎች ስጠይቃቸው «ዲ ላይ አለኝ» ይሉኛል። ዲ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ያው አንዱ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ነው፤ ዲስኩ ሲበላሽ ሲ እና ዲ የሚባሉት ክፍሎች አብረው ይሄዳሉ። በፒችትሪ ፋይል ከሚለው ሜኑ የእያንዳንዱን ድርጅት ባክአፕ ያውጡና በውጪ ሃርድ ዲስክና በሌላ ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ። ከዚያ ዊንዶውስ 11 ያለው ጓደኛ ወይም የሥራ ባልደረባ ፈልገው፣ እርስዎ የሚጠቀሙበትን ያንኑ የፒችትሪ እትም በዚያ ኮምፒውተር ላይ ይጫኑና ባክአፑን ሪስቶር ያድርጉ (መልሰው ይጫኑ)። አንድ ድርጅት ከፍተው የጠቅላላ ሂሳብ ሚዛኑ ቢሮዎ ካለው ጋር እኩል መሆኑን ያረጋግጡ፤ አንድ ደረሰኝም ያትሙ። ለዚህ ግማሽ ቀን ቢያጠፉ አይቆጭዎትም፤ ፕሮግራሙ እምቢ ካለ መጀመሪያ የሚቀየረው ዊንዶውሱ ሳይሆን የሂሳብ ፕሮግራሙ ነውና።

ላፕቶፑ 7ኛ ትውልድ በመሆኑ ከጥቂቶች በስተቀር ከተፈቀዱት ውስጥ የለም። ፍተሻውን ዘልሎ የሚጭን ዘዴ መኖሩ እውነት ነው፤ ሰዎችም ይጠቀሙበታል። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር አፕዴት እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም፤ መድፈኛ ለማግኘት ብለው ቀይረው መድፈኛው የሚቋረጥበት ሁኔታ ውስጥ መግባት ለሥራ ማሽን አይመከርም። እስከ ጥቅምት በተራዘመው ድጋፍ ይጠቀሙበት፤ ከዚያ በኋላ የደንበኛ ሂሳብ አያስቀምጡበት፣ ከኢንተርኔትም ይለዩት።

በተቆረጠው ቀን መብራት ቢሄድ እንኳ ዴስክቶፑ እንዳይጠፋ በዩፒኤስ ያያይዙት፤ ጠዋት ጀምረው ሙሉ ቀን ይስጡት። ከቀየሩ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ውስጥ በሴቲንግ ሪከቨሪ በሚለው በኩል ወደ ዊንዶውስ 10 መመለስ ስለሚቻል፣ በነዚያ ቀናት የቀድሞውን ዊንዶውስ የያዘውን ዊንዶውስ ኦልድ የሚለውን ፎልደር ቦታ ያዘብኝ ብለው አያጥፉት፤ ፕሪንተሩን፣ ፒችትሪውንና የአማርኛ መጻፊያዎን አንድ በአንድ የሚሞክሩትም በዚያው ጊዜ ይሁን።