መልስ፦ የአባቴ እንቅርት ከቼርኖቤል ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን አይመስለኝም። አባትዎ ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. በዩክሬን የሚገኘው የቼርኖቤል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሲፈነዳ በዚያው አገር ዋና ከተማ ኪየቭ ውስጥ ተማሪ እንደነበሩ ጽፈዋል። በዚያ አደጋ የታይሮይድ (ሲያብጥ እንቅርት የሚባለው የአንገት ዕጢ) ካንሰር የበረታባቸው በዋናነት ያኔ ልጆች የነበሩት ናቸው፤ ከፍንዳታው የወጣው ጨረር አመንጪ አዮዲን-131 ያረፈበትን ሣር የጋጠች ላም ወተት የጠጡ። አባትዎ ደግሞ አዋቂ ነበሩ። የመንዝ ተወላጅ ከሆኑማ፣ ከአዮዲን እጥረት የሚመጣ እንቅርት ለደጋው ሰው እንግዳ አይደለም።

ደብረ ብርሃን ሲወስዷቸው፦
1. የታይሮይድ ሆርሞን የደም ምርመራ ያስደርጉ።
2. የአንገት አልትራሳውንድ ያስነሡ። አጠራጣሪ እብጠት ከታየ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል።

የኪየቩን ነገር ሐኪሙ ባይጠይቅም ይንገሩት። ድምፃቸው ከጎረነነ ወይም ምግብ ሲውጡ ከተቸገሩ አይዋል አይደር።

የአዮዲን እንክብል ግን በራስዎ እንዳይሰጧቸው። እንክብሉ የሚጠቅመው በአደጋው ሰሞን ነው፤ አዮዲን-131 በየ8 ቀኑ በግማሽ ስለሚቀንስ ያኔውኑ አልቋል። አክስቴ ለቆየ እንቅርቷ ጎረቤት መክሯት ወሰደች። ልቧ ይደልቅ፣ እጇ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቡና ስትቀዳ ሲኒው ረከቦቱ ላይ ይንቀጫቀጭ ነበር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ያኔ ገባኝ።