ሬቲክ 4 ፐርሰንት "ሃይ" ስላለ ሄሞላይሲስ ነው ወይ ላልሽው

እህቴ የለጠፍሽውን የታካሚሽን ውጤት አየሁት፣ ሄሞግሎቢን 7.5፣ ሄማቶክሪት (ቀይ ሴል ከደሙ የሚይዘው ድርሻ) 22.5፣ ሬቲክ (ጨቅላ ቀይ ሴል) 4 ፐርሰንት፣ ላቡም "ሃይ" ብሎታል። እኔ ግን በዚህ ሄሞላይሲስ (የቀይ ሴል መፍረስ) ነው አልልም፣ እንደውም መቅኔው የሰነፈ ነው የሚመስለኝ።

ፐርሰንቱ እኮ የሚነግርሽ ካሉት ቀይ ሴሎች ውስጥ ስንቱ ገና ጨቅላ እንደሆነ ነው፣ ጠቅላላው ሴል ሲያንስ መቅኔው ምንም ሳይጨምር ፐርሰንቱ ብቻውን ይወጣል። ስለዚህ 4ን በ22.5 አባዢና ለ45 (ለኖርማሉ ሄማቶክሪት) አካፍይው፣ 2 ይመጣል። እሱም አላለቀም፣ ደም በጣም ሲያንስ መቅኔው ሳይበስሉ ቀድሞ ስለሚለቃቸው ደም ውስጥ 1 ቀን መቆየት የነበረባቸው 2 ቀን ገደማ ይቆያሉ፣ ያው አንዱ ሴል ዛሬም ነገም ይቆጠራል ማለት ነው። ሄማቶክሪት 25 አካባቢ ሲሆን ለ2 እናካፍላለን (35 ከሆነ ለ1.5፣ 15 ከሆነ ለ2.5)፣ ያንቺ 2 ለ2 ተካፍሎ 1 ሆነ። ከ2 በታች ከሆነ መቅኔው በቂ እያመረተ አይደለም፣ ከ3 በላይ ቢሆን ነበር ሄሞላይሲስ ወይ መድማት ብለን የምንሮጠው።

ከስሌቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ቀኑ ነው። ታካሚው ትናንት ደምቶ ከሆነ ሬቲክ ዝቅ ቢል አይገርምም፣ ለመነሳት ቀናት ይፈልጋል፣ ጫፍ የሚደርሰው ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ነው። ወባም እንደዛው ነው፣ ሴሉ እየፈረሰም መቅኔው በበሽታው ስለሚታፈን ሬቲክ ዝቅ ብሎ ቆይቶ ከህክምና በኋላ ይነሳል፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ክሊኒክ አይረን አስጀምረውት ከሆነም ጠይቂ፣ ያየሽው የሬቲኩ መነሳት ጅማሬ ሊሆን ይችላል። ደም ተሰጥቶት ከነበረ ደግሞ ውጤቱን ብዙም አትመኚው፣ ሳምፕሉ ከትራንስፊውዥን በፊት መወሰድ ነበረበት።

በእጅ ከሆነ የተቆጠረው ኒው ሜቲሊን ብሉ በሚባለው ቀለም ቀብቶ 1000 ሴል ማየት ነው፣ ማታ ተረኛ ላይ ያለ ልጅ 3 ቢል 4 ቢል አትፍረጂበት፣ ለዛ ነው በዚህች ልዩነት የማልከራከረው።

አሁን ኤምሲቪውን (የቀይ ሴሉን መጠን) እይና ፔሪፈራል ሞርፎሎጂ (የሴሎቹን ቅርጽ በማይክሮስኮፕ ማየት) ላኪ። ኤምሲቪ ዝቅ ካለ ፌሪቲን (የአይረን ክምችት)፣ ከፍ ካለ ቢ12 እና ፎሌት፣ መሀል ከሆነ ክሬቲኒን እንዳትረሺ፣ ኩላሊት ብዙ ጊዜ ይደበቃል። ሄሞላይሲስ ጥርጣሬሽ ካለቀቀሽ ቀይ ሴል ሲፈርስ የሚጨምሩትን ኤልዲኤችና ኢንዳይሬክት ቢሊሩቢን ጨምሪበት። ነጭ ሴሉና ፕሌትሌቱስ ስንት ነው? አልለጠፍሽውም፣ ከቀዩ ጋር ሶስቱም ከወረዱ ቦን ማሮው (መቅኔውን) ማየት ሊያስፈልግ ስለሚችል ለሲኒየርሽ ዛሬውኑ ንገሪ።